ወረርሽኙ ካለፈ 2 ዓመት በኋላ የሚሆን አጭር ፊልም፦ ስክሪፕቴ ውስጥ ውሸት የሚመስለው ምኑ ነው?

ጸሐፊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የ25 ደቂቃ ፊልም ነው፤ ስክሪፕቱ ሦስተኛ ረቂቅ ላይ ደርሷል። ገዳይ ቫይረስ ዓለምን ጠራርጎ ከሄደ 2 ዓመት ሆኖታል፤ እህትና ወንድም ከተማውን ለቀው ሊወጡ ነው። ያነበበው ሁሉ "ደስ ይላል፣ ግን አላመንኩትም" ይላል። የቱ ጋ እንደሆነ የሚነግረኝ ግን የለም። ስለዚህ ነገሩን ላስቀምጠው፣ ሙያው ያላችሁ ሳትራሩ ንገሩኝ።

ቫይረሱ በትንፋሽ ይተላለፋል፣ የያዘውን በ24 ሰዓት ይገድላል፣ ከመቶ ሰው 99ኙ ሞቷል። እህትየው ፊልሙን ሙሉ የጋዝ ማስክ አድርጋለች፤ ወንድምየው አያደርግም (ለምን እንደሆነ ገና አልጻፍኩትም)። እሱ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነ ኢንሱሊን ፍለጋ ሆስፒታል ይገባሉ፤ ኮሪደሩ ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ውሃ የሚጠጡት ሱፐርማርኬት ውስጥ ያገኙትን በረኪና ጠብ እያደረጉ ነው። መጨረሻ ላይ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ያገኛሉ፤ ቁልፉ ላዩ ላይ ነው፣ ይነሳል፣ ይሄዳሉ።

እኛ 6 ሰው ነን፣ ካሜራው አንድ፣ ቀረጻው 5 ቀን። መንገድ ማዘጋት አንችልም። ባዶ ከተማ እንዴት ላሳይ?

ላብራቶሪ

ከቫይረሱ እንጀምር፣ ሌላው ሁሉ የሚመዘዘው ከሱ ነው።

በ24 ሰዓት የሚገድል በሽታ ዓለምን አይጨርስም። ሰውየው አውሮፕላን ሳይሳፈር ይሞታል፣ በሽታውም እዚያው መንደር ውስጥ አብሮት ይቀበራል። ሩቅ የሚሄድ በሽታ ተሸካሚው ጤነኛ መስሎት ሥራ ሲገባ፣ ገበያ ሲወጣ፣ ዘመድ ሲስም ጊዜ የሚያገኝ ነው። ኢቦላን ውሰጂ፦ ገላ ውስጥ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ከ2 እስከ 21 ቀን ይፈጃል፤ በአማካይ ከያዛቸው ግማሽ ያህሉን ይገድላል። ግን ሰውየው ሳይታመም ስለማያስተላልፍ፣ የታመመውንና የነካቸውን እግር በእግር ተከታትሎ ማገድ ይቻላል። ኩፍኝ ደግሞ ሽፍታው ሊወጣ 4 ቀን ሲቀረው መተላለፍ ይጀምራል፤ ክትባት ባላገኘ ሕዝብ ውስጥ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ሰው ያሲዛል። እ.ኤ.አ. በ1918 የተነሳው ኢንፍሉዌንዛ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ ከዓለም ሕዝብ ሲሶውን ስላዳረሰ ነው እንዲህ የበዛው፣ በገዳይነት ከሆነ ፈንጣጣ ይበልጠው ነበር፦ ከያዛቸው 30 በመቶ ያህሉ ይሞቱ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሦስት ቁጥር ወስኚ። በስንት ቀኑ ምልክት ይታያል? በስንተኛው ቀን መተላለፍ ይጀምራል? አንዱ ስንት ሰው ያሲዛል? የኔ ሐሳብ፦ ምልክት በ9ኛው ቀን፣ መተላለፍ ከ5ኛው ቀን፣ ሞት በ14ኛው ቀን አካባቢ። አራት ቀን ሙሉ ሳያውቀው ያሰራጫል ማለት ነው። ስሌቱን ለማየት ያህል፦ አንድ ሰው 3 ቢያሲዝ፣ እያንዳንዳቸው ሌላ ሦስት ሦስት ቢያሲዙ፣ 20ኛው ዙር ላይ ብቻ 3.5 ቢሊዮን አዲስ ታማሚ ይወጣል። አንዱ ዙር 7 ቀን ቢፈጅ ነገሩ በ140 ቀን ያልቃል። በእርግጥ ያልተያዘ ሰው እየጠፋ ሲሄድ ይዘገያል፣ ግን "በአምስት ወር ተፈጸመ" ብትዪ ማንም አይከስሽም።

99 በመቶው ላይ ደግሞ ችግር አለ። አንዱ 3 የሚያሲዝ በሽታ፣ ሰው ሁሉ እኩል ይገናኛል ብለን ብናሰላ እንኳ፣ ከሕዝቡ 94 በመቶ ገደማ ይዞ ይቆማል። የቀረው 6 በመቶ በዕድል ያመልጣል። 99 እንዲያልቅ ከፈለግሽ አንዱ 5 ያህል ማስያዝ አለበት፣ የያዘውንም አንድ ሳይቀር መግደል አለበት። እኔ ብሆን ቁጥሩን ዝቅ አድርጌ ሁለት ዓይነት ተራፊ እፈጥር ነበር፦ ጭራሽ ያልያዘው፣ እና ይዞት የዳነ። ያልጻፍሽው ምክንያት ይኸውልሽ። ወንድምየው ይዞት ድኗል፣ ስለዚህ ማስክ አያስፈልገውም። እህትየው አልያዛትም።

ግን ከ2 ዓመት በኋላ ከማን ትፈራለች? እንዲህ ያለ ቫይረስ ያለ ሕያው ገላ በር እጀታ ላይ ሁለት ዓመት አይጠብቅም። ወይ እንስሳ ውስጥ መደበቅ አለበት (ኒፓ ቫይረስ የሌሊት ወፍ ውስጥ እንደሚኖረው)፣ ወይ የዳነ ሰው ውስጥ። ኢቦላ ከበሽታው በዳኑ ወንዶች የዘር ፈሳሽ ውስጥ ከዓመት በላይ ቆይቶ ተገኝቷል። እንግዲህ እህትየው ማስኩን የምታደርገው ወንድሟን ፈርታ ነው ብትዪስ?

ካንዴላ

ላብራቶሪ ጥሩ ጀመረው፤ እኔ ወደ መኪናው ልሂድ፣ እሱ ነው የሚያናድደኝ።

2 ዓመት የቆመ መኪና በቁልፍ አይነሳም። ባትሪው ቀድሞ አልቋል። ዘመናዊ መኪና ቆሞም ቢሆን ለማንቂያ ደወሉና ለኮምፒውተሩ ወደ 50 ሚሊአምፒር ይስባል፤ 60 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 1,200 ሰዓት ይቆያል፣ 50 ቀን መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶውን ሲቀመጥ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት (ጨው መሰል ቅርፊት) ይጋገራል፣ ብትሞይውም አይዝም። ጎማው በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት መለኪያ) ይተነፍሳል፤ 32 የነበረው 2 ዓመት ላይ መሬት ላይ ተኝቷል። የእጅ ፍሬን ተስቦ ከቀረ የኋላው ፍሬን ዝጎ ይጣበቃል። አይጥ ሽቦ ትበላለች።

ቤንዚኑ ሌላ ጣጣ ነው። ታንክ ውስጥ ከ3 እስከ 6 ወር ድረስ ደህና ነው፤ ከዚያ ቶሎ የሚነደው ክፍል በኖ ያልቃል፣ የቀረው ከአየር ጋር ተዋህዶ ሙጫ ይሆናል። ቀለሙ እንደ ጠቆረ ሻይ ነው፣ ሽታውም የቫርኒሽ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ እርጥበት ይስብና ውሃው ከታች ይዘቅጣል። ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ላይ ያለችው የነዳጅ ቀዳዳ በጣም ጠባብ ናት፤ ሙጫው እሷን ከደፈነ ሞተሪኖው ቢዞር፣ ካንዴላው ቢተኩስ ዋጋ የለውም። እና ተዋናዩ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አሽትቶ ፊቱን ቢያጨማድድ ያ አንድ ሾት የአምስት መስመር ንግግር ይተካልሻል።

መኪና የግድ ካስፈለገሽ የድሮ ናፍጣ አድርጊው፣ የናፍጣ ፓምፑ ያለ ኤሌክትሪክ በሞተሩ ዙረት ብቻ የሚሠራውን፣ ኮምፒውተር የሌለውን። ይህ ያለ ባትሪ ይነሳል፣ ቁልቁለት ላይ ከቆመ። ናፍጣው ደግሞ ከመኪናው ታንክ አይምጣ፤ እስከ አፉ ከተሞላና በደንብ ከተከደነ በርሜል ይምጣ፣ አየርና እርጥበት የሚገባበት ቦታ ስለሌለው ከቤንዚን የተሻለ ይቆያል። ቅደም ተከተሉ፦ ከበርሜሉ ግርጌ አንድ ሁለት ሊትር ቀድተሽ ትደፊያለሽ፣ ውሃውና በናፍጣና በውሃ መሃል የሚያድገው ጥቁር ዝልግልግ እዚያ ነው ያለው። የቀረውን በወፍራም ጨርቅ አጥልለሽ ትሞያለሽ። የናፍጣ ፊልትሮውን ትቀይሪያለሽ። ከዚያ አየሩን ማስወጣት አለ፦ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን ቡሎን ላላ አድርገሽ የእጅ ፓምፗን ትመቻለሽ፤ መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፣ አረፋው ቆሞ ጥርት ያለ ናፍጣ ሲፈስ ቡሎኗን ታጠብቂያለሽ። ይህን የዘለለ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገፋ ይውላል። በመጨረሻ ፍሪሲዮን ረግጦ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ቁልቁል መልቀቅ፣ ፍጥነት ሲይዝ ፍሪሲዮኑን በአንዴ መልቀቅ። ጥቁር ጭስ ያስነጥሳል፣ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ማጥፋት የለም፣ ሜዳ ላይ ካጠፉት ለዘላለም ቆመ።

አለዚያ ብስክሌት ስጫቸው። ከርካሽነቱም በላይ ድምፅ የለውም።

ክሎሪን

በረኪናው ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን 5 በመቶ አትመኚው። ከ6 ወር ጀምሮ እየደከመ ይሄዳል፣ ሙቀትና ብርሃን ባገኘው ቁጥር ይፈጥናል። 2 ዓመት መስኮት ዳር የቆመ በረኪና ስንት በመቶ እንደቀረው ሳይለካ አይታወቅም። ትኩሱ ከሆነ ልኩ ሽታ የሌለው፣ ሳሙና ያልተቀላቀለበት ሆኖ ለ1 ሊትር ጥርት ያለ ውሃ 2 ጠብታ፣ ለደፈረሰ 4 ጠብታ ነው፤ 30 ደቂቃ መቆየት። አሮጌ ሲሆን መፈተኛው አፍንጫ ነው፦ ከ30 ደቂቃ በኋላ ስስ የክሎሪን ሽታ ካልሸተተ ያንኑ ያህል ደግሞ ጨምሮ ሌላ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ያኔም ካልሸተተ መድፋት። ከደፈረሰ ውሃ ጋር ከሆነ ደግሞ ክሎሪኑ ጭቃውን ሲታገል ያልቃል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በጨርቅ ማጥለል።

እሳት ካላቸው ማፍላት ይበልጣል፤ ከተንተከተከ 1 ደቂቃ ይበቃል፣ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ከሆኑ 3 ደቂቃ። ጭስ እንዳይታይባቸው ከፈለግሽ ፀሐይ አለች፦ ጥርት ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ከ2 ሊትር የማይበልጥ፣ ጥርት ያለ ውሃ፣ ለ6 ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ማጋደም፤ ደመናማ ከሆነ 2 ቀን። ጣሪያ ላይ የተደረደሩ ጠርሙሶች ደግሞ ለካሜራ ያምራሉ፣ ሰው እንዳለ ያለ ቃል ይናገራሉ።

ወደ ማስኩ ልምጣ። በፊልም ሁሉ የሚበላሸው አለባበሱ አይደለም፣ አወላለቁ ነው። ሰው የሚያዘው ሲያወልቅ ነው። ትክክለኛው፦ ጓንት መጀመሪያ፣ ከዚያ ጋዋን፣ እጅ ማጽዳት፣ መነጽር፣ ማስክ መጨረሻ፣ እጅ ማጽዳት። ጓንቱ እንዴት ይወልቃል? በጓንት በተሸፈነው ቀኝ እጅ የግራውን ጓንት ከእጅ አንጓ በላይ ከውጭ ቆንጥሮ ወደ ታች መሳብ፣ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወጣል፣ ቀኝ መዳፍ ውስጥ መጨበጥ። ከዚያ የተራቆተውን የግራ ጣት በቀኙ ጓንት ሥር፣ ቆዳውን ተከትሎ ማስገባትና ገልብጦ መሳብ፣ የመጀመሪያው ሁለተኛው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል። ማስኩን ከፊት አትንኪው፣ ከኋላ ባለው ማሰሪያ፣ የታችኛው ቀድሞ። ተዋናይዋ ይህንን እጇ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሳታስበው ብታደርገው 2 ዓመት የኖረችው ሕይወት ይታያል።

የጋዝ ማስኩን ግን ተዪው። የተዋናይዋን ፊት ይበላብሻል፣ መስታወቱ በትንፋሽ ይጉማል፣ ንግግሯም አይሰማም። ኤን95 (አፍና አፍንጫን ብቻ የሚሸፍነው አየር አጣሪ ማስክ) ዓይኗን ነፃ ይተዋል። አንድ ነገር ብቻ፦ ፂም ያለው ሰው ላይ አይሠራም፣ አየሩ በጎን ይገባል። ስታደርገው በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ውጭ ትተንፍስ፤ አፍንጫዋ አካባቢ ንፋስ ከተሰማት ብረቱን ደግማ ትጫነው።

ተመልካች

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ቁጥር ለማን ነው? ካልኩሌተር ይዞ ሲኒማ የሚገባ አላየሁም። ስሜቱ ከያዘ መኪናውም ይነሳል።

ካንዴላ

ቁጥሩን ማንም ስክሪን ላይ አይናገረው። ግን መኪናው በቁልፍ ከተነሳ ቁልቁለት ፍለጋ የለም፣ በርሜል የለም፣ "እንዳታጠፋው!" ብሎ መጮህ የለም። ታሪኳ ውስጥ አሁን የጎደለው ያ ነው።

ጸሐፊዋ

ተመልካች፣ ሐሳብህ ይገባኛል፣ ግን ካንዴላ አሸነፈኝ። ናፍጣዋን ወስጃለሁ። ወንድምየው ይዞት የዳነ ይሆናል፣ ጋዝ ማስኩ ቀረ። ኢንሱሊኑና የሆስፒታሉ መብራትስ? ባዶውን ከተማም ማንም አልነካውም።

ላብራቶሪ

መብራቱ አይሆንም። የኃይል መረብ የሚያመነጨውና የሚጠቀመው በየሰከንዱ እኩል መሆን ያለበት ነገር ነው፤ ድግግሞሹ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ከ50 ወይም ከ60 ኸርዝ ትንሽ ሲወርድ ራሱን እየቆረጠ ይሄዳል። ሠራተኛ ከጠፋ ዕድሜው ሰዓታት ወይም ቀናት ነው። የሆስፒታል ጄኔሬተርም ነዳጁ ቢበዛ ለቀናት ነው። መብራት የግድ ከፈለግሽ ጣሪያ ላይ ባለ ሶላር አብሪው፤ ፓነሉ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፣ ባትሪው ግን ያረጃል፣ ስለዚህ ቀን ቀን ብቻ የሚሠራ አድርጊው።

ኢንሱሊኑ ይባስ። የተከፈተ ወይም ከፍሪጅ የወጣ ኢንሱሊን በክፍል ሙቀት 4 ሳምንት ገደማ ነው የሚያገለግለው። ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ያለ ኢንሱሊን ዓመት አይቆይም፤ ወንድምየው ፊልሙ ሳይጀመር ሞቷል። ሌላ ሕመም ስጪው፦ መግል የቋጠረ ጥርስ። ያሳብጣል፣ ያተኩሳል፣ ፊት ላይ ይታያል፣ ሜካፑም ርካሽ ነው። ፍለጋቸውም ይሰምራል፤ በማሸጊያው ውስጥ ደረቅ ቦታ የቆየ የአንቲባዮቲክ እንክብል ቀኑ ቢያልፍም ብዙውን ጊዜ ኃይሉ አለ። በውሃ የተበጠበጠው ሽሮፕ ግን በ14 ቀን ያበቃለታል። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ መጀመሪያ የሚያገኙት የተበጠበጠ፣ ቀለሙ የተለወጠ ጠርሙስ ይሁን፣ እንክብሉ ከስንት ፍለጋ በኋላ ከመሳቢያ ጀርባ። እና መግሉ ካልፈሰሰ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም፣ እህትየው መቅደድ አለባት።

ቡም_ያዥ

ባዶ ከተማ ላይ ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ሰዓት ነው፣ አንዱ ትራይፖድ።

ሰዓቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ዳይሬክተሩ ዳኒ ቦይል እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣው ፊልሙ ባዶ ለንደንን ያሳየው ጎህ ሲቀድ፣ መኪኖችን ለአፍታ ብቻ እያስቆመ ነው፤ ትንንሽ ዲጂታል ካሜራ የመረጠውም ቶሎ ተክሎ ቶሎ ለመነሳት ነበር። እናንተ ማስቆም ስለማትችሉ በበዓል ቀን ማለዳ፣ ፀሐይ ከመውጣቷ 20 ደቂቃ በፊት ቦታችሁን ያዙ።

ትራይፖዱ እንዲህ ነው። ካሜራውን ከባድ ነገር አንጠልጥላችሁበት ትከሉ፤ ፎከስ፣ ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን)፣ የነጭ ሚዛን (የቀለም ልክ) ሁሉም በእጅ ይቆለፍ። ተዋናዮቹ መጀመሪያ ይሂዱ፣ የሚራመዱበት የመንገዱ ክፍል ብቻ ባዶ በሆነበት ሰዓት። ከዚያ ማንም ሳይነካው ሌላ 10 ደቂቃ ቅረጹ። ኤዲቲንግ ላይ የግራው ጎዳና ባዶ የሆነበትን 8 ሰከንድ ከ3ኛው ደቂቃ፣ የቀኙን ከ7ኛው ወስዳችሁ በጭምብል (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ ቆርጦ በሚያሳየው የኤዲቲንግ መሣሪያ) ትሰፉታላችሁ። ስፌቱን ግድግዳ ጠርዝ ወይም ምሰሶ ላይ አሳርፉት፣ የሚወዛወዝ ዛፍ ላይ በጭራሽ። ከ10 ደቂቃ አትለፉ፤ ጥላ ይሄዳል፣ ሁለቱ ቁራጮች ላይ ጥላው ካልገጠመ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ደመናማ ቀን ከተገኘ ይህ ጭንቀት የለም። የትራፊክ መብራቱን ማጥቆር አትርሱ፣ የሱቅ ማስታወቂያ መብራትም።

2 ዓመት ምን እንደሚመስል ልኩን እወቁ። ቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ አጠገብ ያለችው ፕሪፕያት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1986 ወደ 49,000 ሰው ወጥቶላት አሁን ደን ሆናለች፣ ግን ያ የአሥርተ ዓመታት ሥራ ነው። በ2 ዓመት ዛፍ አስፋልት አይሰነጥቅም። የሚታየው ቅጠል የደፈነው የውሃ መውረጃ፣ መንገድ ላይ የተኛ ኩሬ፣ ስንጥቅ ውስጥ እስከ ጉልበት የደረሰ አረም፣ ፀሐይ ያነጣው ፖስተር፣ አቧራ ለብሶ ያልተሰበረ መስታወት ነው። ለመኪናው አቧራ ሲሚንቶ አትጠቀሙ፣ ሳንባና ዓይን ይጎዳል። የሸክላ አፈር ዱቄት በውሃ አቅጥናችሁ በመርጫ ርጩት፣ ሲደርቅ ደረቁን ደግሞ በወንፊት ንፉበት።

አሁን የኔ ጉዳይ፣ ድምፁ። ምስሉን ባዶ አድርጋችሁ ከሩቅ የመኪና ጉምጉምታ ከተሰማ ሥራው ሁሉ ገደል ገባ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ ጉምጉምታውን ይቀንሳል፣ ክላክስና የጎማ ሿሿታ ግን አይነካም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ከተቀዳው ንግግሩን ብቻ አድኑ፤ አካባቢውን ከሰው ርቆ፣ ጎህ ሲቀድ፣ 5 ደቂቃ ሳታቋርጡ ቅዱና ከሥር አንጥፉ። ወፍ ይብዛ፣ ውሻ ከሩቅ ይጩህ፣ ነፋስ ቆርቆሮ ያንኳኳ። ቤት ውስጥ ሲሆን ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ (የመኪና ቁልፋችሁን ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መልሳችሁ ሳትሰኩት እንዳትሄዱ)።

ጸሐፊዋ

የመኪና ቁልፉ ብልሃት ተመችቶኛል። አንድ ብቻ፦ ኤን95 አድርጋ የምትናገረውን ምን ላድርግ? ስቱዲዮ ገብተን እንደገና የምንቀዳበት ጊዜ የለም።

ቡም_ያዥ

ስቱዲዮ አያስፈልግም። ማስክ ቀጭኑን ድምፅ ነው የሚበላው፣ "ሰ" እና "ፈ" ይጠፋሉ። ትዕይንቱ እንዳለቀ፣ ማንም ቦታውን ሳይለቅ፣ ማስኩን አውልቃ ያንኑ ንግግር በዚያው ፍጥነት ሦስት ጊዜ ትበል፤ ካሜራ አያስፈልግም፣ ማይኩ በዚያው ርቀት ይሁን። አፏ ስለማይታይ ከከንፈር ጋር ማገጣጠም የለም፤ የራሷ እስትንፋስ የሚነሳበትን ብቻ አዛምዱት። ከ4 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ በትንሹ ቀነስ ማድረግ፣ ማስክ ውስጥ ያለች ይመስላል። ማስኩ ሲነፋና ሲሰበሰብ የሚሰማውን የወረቀት ድምፅ ደግሞ ለብቻው ቅዱልኝ፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል።